በደር ማሸነፍ የማያስመሰግንበት ጨዋታ፦ እቴጌ ጣይቱ እና ሰንጠረዥ

ስኑከር በስልኩ የሚከታተል ሰው ሕጉን ለጓደኛው ማስረዳት ሲጀምር መሃል ላይ መንተባተቡ አይቀርም። ኳስ ስትገባ ነጥብ ይገኛል፤ እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ግን ተጫዋች ሲያጠፋ ነጥቡ ለተጋጣሚው ይሰጣል፤ ጥፋቱ ዋጋዋ 1 ነጥብ ብቻ በሆነችው ቀይ ኳስ ላይ ቢሆን እንኳ ቅጣቱ ከ4 አያንስም። የመጨረሻዋ ጥቁር ገብታ ሁለቱ እኩል ነጥብ ላይ ቢገኙስ? ጥቁሯ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ ዕጣ ይወጣል፣ በእሷ ብቻ ይለያሉ። የአንድ ዙር ጣሪያ 147 ነው የሚባለውም ሁልጊዜ አይሠራም፤ ተጋጣሚ መጀመሪያ ላይ አጥፍቶ ነጻ ኳስ ከተሰጠ በስሌት እስከ 155 መድረስ ይቻላል። ፑል ቤት ገብቶ 8 ቁጥርን ያለ ሰዓቷ ያስገባ ልጅም ይህን ነገር ያውቀዋል፤ ጨዋታን ጨዋታ የሚያደርገው ኳሱ ሳይሆን ሕጉ ነው።

ስኑከርን እ.ኤ.አ. በ1875 የፈጠሩት ሕንድ አገር፣ ጃባልፑር የሚባል ከተማ የሰፈሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ናቸው። ከዚያ በፊት ከብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ ከዚያው ከሕንድ የወጣ ሌላ ጨዋታ ደግሞ በፋርስና በዐረብ በኩል አድርጎ እኛ ዘንድ ደርሷል። ስሙ ሰንጠረዥ ነው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው ቼዝ ዘመዱ ነው፤ የእኛው ግን ሕጉ የብቻው ነበር። ከታወቁት ተጫዋቾቹ አንዷ ደግሞ የስሜን ቤት ልጅ የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው።

ስለ እቴጌ ጣይቱ ብዙ ተጽፏል። አድዋው፣ ውጫሌው፣ አዲስ አበባው ሁሉም ይታወቃል። ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን ይጫወቱት በነበረው ጨዋታ ሕግ በኩል ማየት ይሞክራል። እሳቸው ሰንጠረዥ እያሰቡ አገር ይመሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ነገር ግን አንድ ማኅበረሰብ ለጨዋታው ያወጣው ሕግ ምን እንደሚያደንቅና ምን እንደሚንቅ ያሳያል። ኢኮኖሚክስ ያጠና ሰው ይህን ኢንሴንቲቭ ይለዋል፤ ሰው የሚሮጠው ነጥብ ወደሚሰጥበት ነው።

ሕጉ እንዴት ነበር?

ሰንጠረዥ የሚጫወቱት ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ ነው፤ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ተሰፍቶበት 64 ቤት ይወጣለታል። ቤቶቹ እንደ ቼዝ ጥቁርና ነጭ ተደርገው አይለዩም። በየበኩሉ 16 ጠጠር አለ፦ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደር፣ እና ስምንት ሜዳቅ። ደር በቼዝ ሩክ የሚባለው ሲሆን በቀጥታ እስከፈለገው ይሄዳል፤ ከሁሉ ኃይለኛው እሱ ነው። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ብቻ ይዘላል፤ ስለዚህ ጨዋታው ቢያልቅም ከ64ቱ ቤት 8ቱን ብቻ ነው ሊረግጥ የሚችለው። ሜዳቅ አንድ አንድ እርምጃ የሚያዘግም እግረኛ ነው።

የመጀመሪያው እንግዳ ሕግ ወረራ ይባላል። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ እየተያዩ ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ጦሩን ወደ ግራ ሲሰበስብ ሌላው አይቶ ያስተካክላል፤ ያንን ያየው ደግሞ መልሶ ይለውጣል። ይህ የሚያበቃው የመጀመሪያዋ ጠጠር ስትበላ ነው። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። ተመልካቹም አፉን ዘግቶ አይቀመጥም፤ ከዚህም ከዚያም ምክር ይወረወራል።

ሁለተኛው ስለ አሸናፊነት ነው። በዛሬው ቼዝ ማት ማት ነው፤ በምንም አድርገው በምን ያው አንድ ነጥብ። በሰንጠረዥ ግን እንዴት አሸነፍክ የሚለው ይቆጠራል። በደር ወይም በፈረስ ማት ያደረገ አሸንፏል፣ ግን ማንም አያጨበጭብለትም፤ በኃይለኛ ጠጠር ማሸነፍ ምን ጥበብ አለው? በፈርዝ ወይም በፊል ያሸነፈ ይከበራል። ሜዳቆችን አስተባብሮ ንጉሡን ያጠመደ ደግሞ ስሙ ይነሳል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይገርማል። ጠጠሩ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ አይፈቀድም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ያልቃል። ንጉሡ ከሜዳቅ ውጭ አንዲት ጠጠር ከቀረችው ደግሞ ያቺ ጠጠር 7 ጊዜ ከመንቀሳቀሷ በፊት መጨረስ ግዴታ ነው፤ ካልሆነ ድሉ ያመልጣል። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ተጋጣሚውን ሙልጭ አድርጎ አይበላም። ስግብግብ ሰው በዚህ ጨዋታ ያሸነፈውን ጨዋታ ያጣል።

የስሜን ቤት

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ከፊቱ ሁለት መንገድ ያገኛል። አንዱ ወደ ስሜን ተራሮች ይወጣል፤ ሌላው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ተከዜ ይወርዳል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ይህን ሁሉ፣ ከተከዜ ማዶ ትግራይንም ጨምሮ፣ ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። የጣይቱ አባት ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የውቤ ወንድም ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ።

ውቤ ጥሩ ተጫዋች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ በፖለቲካው። ለረጅም ጊዜ ጳጳስ አጥታ ለቆየችው አገር ከግብፅ አቡነ ሰላማን ያስመጡት እሳቸው ናቸው። በስሜን ጃናሞራ ውስጥ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። ጳጳስ አለ፣ ደብር አለ፣ ጦር አለ፤ ዘውድ ለመጫን የሚያስፈልገው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ወረራው አልቋል ማለት ነው።

ከዚያ ከቋራ ካሣ ኃይሉ መጡ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ጦርነት ሆነ፤ ውቤ ተሸነፉ፣ ተማረኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የነገሡት ውቤ ባሠሩት ደብር፣ የቀባቸውም ውቤ ያስመጡት ጳጳስ ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያሰለፋቸው ጠጠሮች በሁለት ቀን ውስጥ ለሌላው ሲሠሩ ማየት ምን ሊሰማ እንደሚችል መገመት ነው። ውቤ አልተገደሉም። ኃይላቸውን ተነጥቀው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስረኛ ሆነው ኖሩ።

ቤቱ በዚህም አላበቃለትም። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ፣ የጣይቱ የአጎት ልጅ፣ አባታቸውን ላሰረው ንጉሥ ተድረው ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ። ከመቅደላ በኋላ እንግሊዞች እናትና ልጅን ይዘው ሲወርዱ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ፤ ልጁ እንግሊዝ ሄዶ በ18 ዓመቱ ሞተ።

ጣይቱ በጌምድር ውስጥ በዚህ ወሬ መሃል ነው ያደጉት። አባታቸውን ገና በልጅነታቸው በጦርነት አጥተዋል። ግን ብዙ መኳንንት ሴት ልጃቸውን ፊደል በማያስቆጥሩበት ዘመን ጣይቱ ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ ግእዝ ያውቁ ነበር፣ ቅኔ ይገባቸው ነበር፣ በገና ይደረድሩ ነበር፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ሰንጠረዥ ያኔ የነገሥታትና የመኳንንት ጨዋታ ነው። እዚያ ጨርቅ ፊት የሚቀመጥ ሰው በአገር ጉዳይም አፍ አለው ማለት ነው።

ከንጉሡ አጠገብ ያለችው ጠጠር

በዛሬው ቼዝ ከንጉሡ ጎን የቆመችው ንግሥት ከሁሉ ኃይለኛ ናት። በሰንጠረዥ ግን ንግሥት የለችም። በቦታዋ ያለው ፈርዝ ነው፤ አማካሪ ማለት ነው፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይንቀሳቀሳል። ደካማ ነው። አውሮፓውያን ይህችን ጠጠር በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ኃይል ሰጥተው ንግሥት አደረጓት፤ እኛ ጋ ግን እስከ መጨረሻው ፈርዝ እንደሆነች ቀረች።

ጣይቱ በሚያዝያ 1875 ዓ.ም.፣ በፋሲካ፣ አንኮበር መድኃኔዓለም ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ሲጋቡ ልጃገረድ አልነበሩም። ከዚያ በፊት ሌሎች ትዳሮች አሳልፈዋል፤ የቤተ መንግሥት ውጣ ውረድ አይተዋል። ለምኒልክ ይህ ጋብቻ የሸዋን ንጉሥ ከሰሜኑ ትልቅ ቤት ጋር ያስተሳሰረ ነው። ለጣይቱ ደግሞ የወደቀ ቤት እንደገና ጨርቁ ላይ የተመለሰበት ነው።

ፈርዝ እንደሆኑ ግን አልቀሩም። ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት፣ በ1879 ዓ.ም. ለአዲሱ ሰፈር አዲስ አበባ የሚለውን ስም የሰጡት እሳቸው ናቸው። ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ተቀቡ። በኋላም ሆቴል ከፍተው፣ ሰው ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር በሚመስለው ከተማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያን ንግድ አስጀመሩ።

የውጫሌ ውል ጣጣ ሲመጣ ደግሞ ልዩነቱ ታየ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከፈለገች በጣሊያን በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መነጋገር ትችላለች ይላል፤ በጣሊያንኛው ደግሞ ግዴታ ያደርገዋል። በአንድ ጨርቅ ላይ ሁለት ሕግ ማለት ነው። ምኒልክ በትዕግሥት ለመነጋገር ሲሞክሩ፣ የጣሊያኑን መልእክተኛ አንቶኔሊን ፊት ለፊት የተከራከሩትና በሕጉ ላይ አንድም ቤት አንለቅም ያሉት ጣይቱ ነበሩ።

ወረራ፣ ከዚያ ውሃ

ጦርነቱ መቅረት እንደማይችል ሲታወቅ አገሪቱ ከክፉ ቀን ረኃብ ገና መነሳቷ ነበር። የክተት አዋጁ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ታወጀ፤ ጥቅምት ላይ ሠራዊቱ ከአዲስ አበባ ወጣ፤ የየክፍለ አገሩ ጦር ወረኢሉ እየተገናኘ ወደ ሰሜን ገሰገሰ። የመጀመሪያዋ ጠጠር የተበላችው ኅዳር 28 ቀን አምባ አላጌ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የነበረው ሁሉ፣ ስንቁ፣ በቅሎው፣ እርቁ፣ የተኳረፉትን መኳንንት ማስማማቱ፣ በሰንጠረዥ ቋንቋ ወረራ ነው። ጣሊያኖቹ ወረራ የሚባል ሕግ በሌለበት ጨዋታ ያደጉ በመሆናቸው ነው መሰለኝ፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጨርቅ ላይ ይሰለፋል ብለው አላሰቡም ነበር።

ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል። ትልቁ ሥራቸው የታየው ግን መቀሌ ላይ ነው። ጣሊያኖቹ እንዳ ኢየሱስ ላይ ጠንካራ ምሽግ ሠርተዋል፤ አዛዡ ሻለቃ ጋሊያኖ ነው። የእኛ ጦር ደጋግሞ ገጠመ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ምሽጉ አልተደፈረም። ይህ በደር ለማሸነፍ የሚደረግ ሙከራ ነበር፤ በጉልበት፣ በቀጥታ።

ጣይቱ ያመጡት ሐሳብ ሌላ ነው፤ ምሽጉን ትቶ የውሃውን ምንጭ መያዝ። ሰዎቻቸውን ልከው ምንጩን አስያዙ። ምሽጉ ውስጥ መድፍ አለ፣ ጥይት አለ፣ ውሃ ግን የለም። ጦርነቱ በአንድ ጊዜ ወደ ቆጠራ ተለወጠ፤ ስንት ኩባያ ቀረ፣ ለስንት ቀን ይበቃል? በጥር 1888 ዓ.ም. ጋሊያኖ እጅ ሰጠ። በሜዳቅ ማት ማለት ይኼ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጦሩ በውሃ ጥም የተንበረከከው ጋሊያኖ ከነሰዎቹ አልተገደለም፣ አልታሰረም፤ መሣሪያቸውንና ጓዛቸውን ይዘው እንዲወጡ ተፈቀደላቸው። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም የሚለው ሕግ ነው የሚመስለው። ምኒልክ የራሳቸው ስሌትም ነበራቸው፤ ጣሊያኖቹን አጅበው ሲሸኙ ዋናው ሠራዊት በዚያ ሽፋን ወደ አድዋ ገፋ። ግን ሒሳቡ ሌላ ወገንም አለው። ጋሊያኖ ነጻ ወጥቶ ዐርፎ አልተቀመጠም፤ አድዋ ላይ ሻለቃ ጦር እየመራ ተመልሶ መጣ፣ እዚያው ሞተ። ከእሱ ጦር ጋር ተታኩሰው የወደቁ የእኛ ሰዎች የዚያ ምሕረት ዋጋ ናቸው። ሕግ ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ ነጻ ግን አይደለም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጣይቱ ከጦሩ ጋር ነበሩ። ሴቶቹ በእንስራ ውሃ ይዘው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ያደርሱ ነበር። መቀሌ ላይ መሣሪያ የነበረው ውሃ አድዋ ላይ መድኃኒት ሆነ።

ሁሉንም በአንድ በኩል

ከአድዋ በኋላ ያሉት ዓመታት በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ በፍጥነት ይታለፋሉ። ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው።

ጣይቱ ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ የወደፊቱን በጋብቻ ለመሥራት ሞከሩ። የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጅ ከፋይን ለራስ መንገሻ ዮሐንስ ዳሩ፤ ሌላውን የወሌን ልጅ ጉግሣን ደግሞ ከምኒልክ ልጅ ከዘውዲቱ ጋር አጋቡ። እያንዳንዷ ጋብቻ ለብቻዋ ስትታይ ብልህ እርምጃ ናት። ምኒልክ በሕመም ሲዳከሙ ግን እቴጌዪቱ በሹመቱም ወገኖቻቸውን ማብዛት ጀመሩ። ጠጠሩ ሁሉ በጨርቁ አንድ ጥግ ተሰበሰበ። ንብረትህን በሙሉ አንድ አክሲዮን ላይ አታፍስስ የሚለውን ምክር የሚያውቅ ሰው መጨረሻውን ይገምታል።

የሸዋ መኳንንት ዝም ብለው አላዩም። አልጋ ወራሽ የተባሉት የምኒልክ የልጅ ልጅ ኢያሱ ናቸው፤ ጣይቱ ደግሞ ወደ ዘውዲቱና ወደ ጉግሣ ያዘነብሉ ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም.፣ ከአድዋ 14 ዓመት በኋላ፣ መኳንንቱና የመሃል ሰፋሪው ጦር ተባብረው እቴጌዪቱን ከመንግሥት ሥራ አስወጧቸው። የታመመ ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተወሰነባቸው። የእንደራሴነቱን ሥልጣን ራስ ተሰማ ናደው ያዙ።

ልብ በሉ፤ ያሸነፋቸው አንድ ኃይለኛ ሰው አይደለም። ብዙ መካከለኛ ሰዎች ተባብረው ነው። እሳቸው መቀሌ ላይ የተጠቀሙበት ጥበብ ተመልሶ በእሳቸው ላይ ተሠራ። አልተገደሉም ደግሞ።

እንጦጦ

ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣይቱ ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ እንጦጦ ተላኩ። ከ24 ዓመት በፊት ዘውድ በጫኑበት በእንጦጦ ማርያም አጠገብ መኖር ጀመሩ። ከዚያ ተራራ ላይ ሆኖ ስም ያወጡላት ከተማ ወለል ብላ ትታያለች።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ዘውዲቱ ነገሡ። ጣይቱ ከዓመታት በፊት ያሰቡት ሆነ ማለት ነው፤ ግን እሳቸው በሌሉበት፣ በሌሎች እጅ። ዘውዲቱ ሲነግሡ ከባላቸው ከጉግሣ እንዲለዩ ተደረገ። ጋብቻው ፈረሰ፣ ዘውዱ ግን ቆመ።

በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጣይቱ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ወደ ጎንደር ሄደው ቀሪ ዘመናቸውን እዚያ እንዲጨርሱ። ጥያቄው ተከለከለ። ለምን? በጌምድርና ስሜን የወገኖቻቸው መሬት ነው። መኳንንቱ ያቺ የመጨረሻ ጠጠር 7 ጊዜ እንዳትንቀሳቀስ የፈሩ ይመስለኛል። በሰንጠረዥ ሕግ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ይከበራል። በእውነተኛው ዓለም ግን ባዶ እጁን የቀረም ሰው ይፈራል፤ ፍርሃት ደግሞ ሕግ አያነብም። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ አረፉ። ዐፅማቸው በኋላ በታዕካ ነገሥት በዓታ ከምኒልክ ጎን ዐረፈ። ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ግን አላዩትም።

ሰንጠረዥም ብዙ አልቆየም። ጣሊያን ከአድዋ 40 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ የሊማሊሞን መንገድ በተራራው ላይ ሲቆርጥ፣ ያ የጨርቅ ጨዋታ ከመኳንንቱ ሰፈር እየጠፋ ነበር። ከተማ ውስጥ ደግሞ ስሙን ከጣሊያንኛ የወሰደው ከረምቡላ ገባ፤ ቀጥሎ ፑል፣ አሁን ደግሞ በስልክ ላይ ስኑከር። የእነዚህን ሁሉ ሕግ ደባርቅም ዳባትም ያለ ወጣት በቃሉ ያውቃል። የራሱን አያቶች ሕግ ግን የነገረው የለም።

እስቲ ለሙከራ ያህል ዛሬ ማታ ስልካችሁ ላይ ቼዝ ከጓደኛችሁ ጋር ስትጫወቱ አንድ ስምምነት አድርጉ፤ በሩክ ወይም በንግሥት ማት ያደረገ ነጥብ አያገኝም፣ በእግረኛ ያደረገ እጥፍ ያገኛል፣ ተጋጣሚውን ሙልጭ አድርጎ የበላ ደግሞ ምንም የለውም። አጨዋወታችሁ ከሦስተኛው ጨዋታ ጀምሮ ሲለወጥ ታዩታላችሁ። ጠጠሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚቆጠረው ነገር ብቻ ነው።